ጄኔራል ሶ ለንደን ላይ የት ገባ?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ሰላም ሼፍ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜ ማታ ከሥራ ስወጣ ጄኔራል ሶ ቺክን፣ ያችን በጣፋጭ ሶስ የተለወሰች የተጠበሰች ዶሮ፣ ሳልይዝ ቤቴ አልገባም። ባለፈው እህቴን ልጠይቅ ለንደን ሄጄ ከሰፈሯ ቻይና ቤት ላዝ ብል፣ አስተናጋጇ ስሙንም ሰምታው አታውቅም። በምትኩ ስዊት ኤንድ ሳወር (ጣፋጭና ኮምጣጣ) ዶሮ አዘዝኩ። የመጣልኝ የተጠበሰ የሊጥ ኳስ ነው። ቀይ ሶሱ ለብቻው በትንሽ ዕቃ ተደርጓል። እህቴ ደግሞ ቺፕስ ላይ ካሪ አፍስሳ 'ይሄ ነው የቻይና ምግብ' ትለኛለች። ፎርቹን ኩኪ፣ ያን ውስጡ የዕድል ወረቀት ያለበት ብስኩት እንኳ፣ አልሰጡንም። ትክክለኛው የማናችን ነው? በጾም ጊዜስ ምን ልዘዝ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አስተናጋጇን አትቀየሚያት። ጄኔራል ሶን እንኳን ለንደን፣ ጄኔራሉ በተወለደበት በሁናን ክፍለ ሀገር ብትጠይቂም የሚያውቀው ሰው ማግኘት ይቸግርሻል።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ 7 ዓመት በቻይና ኬሪ አውት (ምግብ ተገዝቶ በሚኬድበት ቤት) ኩሽና ሠርቻለሁ። ከዚያ ለንደን 5 ዓመት። የሁለቱም ቤት ባለቤቶች ቻይናውያን ነበሩ። ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ሲቀንስ፣ ለሠራተኛው ምግብ ይቀርባል። በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ በዝንጅብል፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ቀጭን ሾርባ፣ ነጭ ሩዝ። ሁለቱም አገር ያው ነው። ምሽት ላይ ለደንበኛ የምንሸጠው ግን እርስ በርሱም አይመሳሰል፣ ከሠራተኛው ገበታም ጋር አይገናኝ። እኔም ሙያውን የተማርኩት ይህን ልዩነት እያየሁ ነው። ማብሰሉ የቻይናዊው ቢሆንም፣ ምን እንደሚበስል የወሰነው የሰፈሩ ሰው ነው።

ስለ ጄኔራሉ ልንገርሽ። ዙኦ ዞንግታንግ ይባላል። ከ1812 እስከ 1885 የኖረ የቺንግ ሥርወ መንግሥት የጦር አዛዥ ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ዶሮዋን ግን አልቀመሳትም። የፈጠራት ፔንግ ቻንግኩዌ የሚባል የሁናን ተወላጅ ሼፍ ነው። በ1949 ኮሚኒስቶቹ ሲያሸንፉ እሱ ከተሸነፈው ወገን ጋር ወደ ታይዋን ሸሸ። እዚያ በ1950ዎቹ ለትልቅ ግብዣ አዲስ ምግብ ሲያወጣ በሀገሩ ልጅ በጄኔራሉ ስም ጠራት። የሱ ዶሮ ኮምጠጥ፣ ጨው ጠንከር ያለች፣ ነጭ ሽንኩርትና የደረቀ ቃሪያ የገባባት ነበረች። አትጣፍጥም ማለቴ አይደለም፤ ስኳር የለባትም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከኒውዮርክ የሄዱ ቻይናውያን ባለሙያዎች ታይፔ ላይ ቀመሷት። ሲመለሱ ሽፋኗን አወፈሩ፣ ስኳር ጨመሩ። ፔንግ ራሱ ቆየት ብሎ ኒውዮርክ ሬስቶራንት ሲከፍት ጣፋጯ ቀድማው ከተማውን ይዛ ነበር። ሰውየው በ2016 በ98 ዓመቱ ታይፔ ውስጥ አረፈ። ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ስንት ሰው የሱን ዶሮ ይዞ እንደሚገባ ሳስበው ይገርመኛል።

ለንደን ያልደረሰችው ታዲያ ለምንድን ነው? ወደዚያ የሄዱት ቻይናውያን ሌሎች ስለሆኑ ነው።

የአሜሪካ ታሪክ የሚጀምረው በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ፣ በተለይ ታይሻን ከሚባል ወረዳ በመጡ ሰዎች ነው። ወርቅ ፍለጋና ባቡር ሐዲድ ሥራ ነበር ያመጣቸው። በ1882 የወጣው ሕግ ቻይናዊ የጉልበት ሠራተኛ እንዳይገባ ከለከለ። ነጋዴ ግን ይገባ ነበር። በ1915 አንድ ፍርድ ቤት የሬስቶራንት ባለቤትም እንደ ነጋዴ ይቆጠር ሲል በሩ ተከፈተ። ወረቀት ለማግኘት ሬስቶራንት መክፈት መንገድ ሆነ። የኛ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም። ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ ደግሞ ከታይዋንና ከሆንግ ኮንግ አዲስ ባለሙያ ገባ። ያኔ ነው ሁናን፣ ሲቹዋን የሚባሉ ስሞች ሜኑ ላይ የታዩት። ጄኔራል ሶም የገባችው በዚህ ማዕበል ነው። አሁን ሰፈርሽ ያለውን ቤት የያዙት ምናልባት ፉጂያን ከሚባለው ክፍለ ሀገር የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ሥራ የሚያገኙት በኒውዮርክ ቻይናታውን ደላሎች በኩል ነው። ሜኑውም ብዙ ጊዜ እዚያው ይታተማል። ቨርጂኒያም ኦሃዮም ያው ምግብ፣ ያው ፎቶ የምታይው ለዚህ ነው። ነጯ የካርቶን ሳጥን እንኳ ቻይናዊት አይደለችም። በ1894 ቺካጎ ውስጥ ፓተንት የወጣላት፣ ኦይስተር ለሚባለው የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ነገር መያዣ የነበረች ናት።

በነገራችን ላይ ዲሲ የራሷ አላት። ማምቦ ሶስ። ብርቱካንማ ቀይ፣ ጣፋጭ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ። የተጠበሰ የዶሮ ክንፍና ሩዝ ላይ ይፈስሳል። ጥይት በማይበሳው መስታወት ጀርባ የሚያበስለው ሰው ቻይናዊ ወይም ኮሪያዊ ነው። ሶሱ ግን የከተማዋ የጥቁር አሜሪካውያን ነው። ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ሌሊት ሲያዙ ስሙን እንኳ አይጠሩም፤ «ክንፍ በሶሱ» ነው የሚሉት። አትላንታ ሄደሽ ይህን ብትይ ሌላ ነገር ይሰጡሻል።

ለንደን ሌላ ታሪክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሪታንያ የገቡት አብዛኞቹ የሆንግ ኮንግ ገጠር ገበሬዎች ናቸው። የታይላንድ ርካሽ ሩዝ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው የሩዝ እርሻቸው አላዋጣ አለ። ሆንግ ኮንግ ቅኝ ግዛት ስለነበረች የ1948ቱ የዜግነት ሕግ አስገባቸው። ከገቡ በኋላ ብዙዎቹ የገዙት ምን መሰለሽ? ያረጀ የዓሣና ቺፕስ ሱቅ። ትልልቅ የዘይት መጥበሻዎቹ እዚያው ተተክለዋል። ደንበኛውም እዚያው አለ። ቺፕሱን ቢያስቀሩት ደንበኛው ይሄዳል። ስለዚህ ቺፕሱ ቀረ። አጠገቡ ሩዝ መጣ፣ ኑድልስ መጣ፣ ካሪ ሶስ መጣ።

እህትሽ የምትበላው እሱን ነው። የቻይና ቤት ካሪ ከህንድ ካሪ ጋር አይምታታብሽ። የካሪ ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ መረቅ፣ በስታርች የወፈረ፣ ለስላሳ፣ ቢጫ ነገር ነው። ሊቨርፑል ብትሄዱ ደግሞ ቺፕሱን በጨው፣ በቅመምና በቃሪያ ከሽንኩርት ጋር ወክ ላይ ይገለብጡታል። ወክ ያልኩሽ ጎድጓዳው የቻይና መጥበሻ ነው። ደብሊን የባሰ ነው። ከ2010 ገደማ ወዲህ «ስፓይስ ባግ» የሚባል ነገር አላቸው። ቺፕስ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ቅመም አንድ ላይ በወረቀት ከረጢት ተወዝውዞ ይሰጥሻል። አየርላንዳዊ ከመጠጥ ቤት ሲወጣ የሚያስበው እሱን ነው።

ለንደን ያለ ሐበሻ መሞከር ያለበት ግን «ክሪስፒ ሲዊድ» የሚባለውን ነው። ስሙ የባሕር ሣር ይላል። ውሸት ነው። ጎመን ነው! ስፕሪንግ ግሪንስ የሚሉትን፣ እህትሽም ለጎመን ወጥ የምትገዛውን ቅጠል፣ እንደ ክር በቀጭኑ ከትፈው በፈላ ዘይት ይጠብሱታል። ከላይ ስኳርና ጨው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራው ሳቄ መጣ። እናቴ ብታይ ጎመን በስኳር አበላሸህ ትለኝ ነበር።

ወደ ሊጥ ኳስሽ ልመለስ። ስዊት ኤንድ ሳወር የሁሉንም አገር ጠባይ የምታሳይ ምግብ ናት። መሠረቷ ደቡብ ቻይና ነው፤ የአሳማ ሥጋ በኮምጣጤና በስኳር። ብሪታንያ ውስጥ ዶሮው በወፍራም ሊጥ ተጠቅልሎ እንደ ዓሣው ይጠበሳል። ሶሱ ለብቻው ይሰጣል፤ ሰው ቤቱ እስኪደርስ ሊጡ እንዳይርስ። ቨርጂኒያ ግን ጄኔራል ሶንና መሰሎቿን ወክ ላይ ከሶሱ ጋር አገላብጠን ነው የምናወጣው። ለንደን በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት በልማዴ ኳሶቹን ሶስ ውስጥ ገልብጬ ላክሁ። አንዲት አሮጊት ሳጥኑን ይዘው ተመልሰው መጡ። ምንም አላሉም። ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ፤ እንደ ገንፎ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ አልደገምኩትም።

ቤትሽ ልትሠሪው ከፈለግሽ ሶሱ ቀላል ነው። 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 4 ማንኪያ አቼቶ፣ 3 ማንኪያ ካቻፕ፣ 1 ማንኪያ ሶያ ሶስና ግማሽ ኩባያ ውኃ አፍይ። 1 ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በ2 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠሽ እያማሰልሽ ጨምሪበት። ሲያብረቀርቅ አውጪው። የዶሮው ምስጢር ሁለት ጊዜ መጥበስ ነው። መጀመሪያ በ160 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪበስል። ታወጪውና 5 ደቂቃ ያርፋል። ከዚያ በ190 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ደቂቃ። በእረፍቱ ጊዜ ከውስጥ የሚወጣውን እርጥበት ሁለተኛው ጥብሳ ያደርቀዋል። ሽፋኑ የስንዴ ዱቄት ብቻ ከሆነ ቶሎ ይለሰልሳል፤ ግማሹን ስታርች አድርጊው።

የአረብ አገር ዘመዶች ካሉሽ እነሱ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይነግሩሻል። ዱባይ ውስጥ ርካሹ ሰፈር ያለ «ቻይኒዝ» ብዙ ጊዜ በህንድ በኩል የመጣ ነው። ካልካታ ውስጥ ታንግራ በሚባል ሰፈር ቆዳ እያለፉ ይኖሩ የነበሩ ሐካ የሚባሉ ቻይናውያን ነበሩ። ሶያ ሶሱንና ስታርቹን ከህንድ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ድንብላል ጋር አገናኙት። በጣም የታወቀው ማንቹሪያን ነው። የካልካታው ተወላጅ ኔልሰን ዋንግ በ1975 ሙምባይ ውስጥ ፈጠርኩት ይላል። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ያለችው ማንቹሪያ ስለዚህ ምግብ የምታውቀው የለም። ለእኔ ምላስ ከሁሉም የውጭ አገር ቻይና ምግብ ለሐበሻ የሚቀርበው እሱ ነው። ቃሪያው አለ፣ ዝንጅብሉ አለ፣ ሶሱም እንደ ወጥ ነው። የአበባ ጎመኑን ዓይነት፣ ጎቢ ማንቹሪያን የሚባለውን፣ በእንጀራ ሞክሬዋለሁ። አላፍርበትም።

ፔሩ ብትሄጂ ቻይና ቤት አይሉትም፤ «ቺፋ» ነው የሚሉት። ቃሉ ራሱ ከቻይንኛ «ምግብ መብላት» የመጣ ነው ይባላል። ከ1849 እስከ 1874 ባለው ጊዜ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ቻይናውያን በሸንኮራ እርሻና በወፍ ኩስ ማዳበሪያ ቁፋሮ ለመሥራት ወደ ፔሩ ተወሰዱ። ኑሯቸው ከባርነት ብዙም አይሻልም ነበር። ውላቸውን ሲጨርሱ ብዙዎቹ ሊማ ገብተው ምግብ ቤት ከፈቱ። ዛሬ ፔሩዊ ዝንጅብልን «ኪዮን»፣ ሶያ ሶስን «ሲያው» ብሎ ይጠራል፤ ሁለቱም የካንቶን፣ ማለትም የጓንግዶንግ፣ ቃላት ናቸው። ሎሞ ሳልታዶ የሚባለውን ብትቀምሺው ጥብስ ትይዋለሽ። የበሬ ሥጋ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ በኃይለኛ እሳት። ልዩነቱ ሶያ ሶሱና መሐል ላይ የሚገባው ቺፕስ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ሩዝ ይቀርባል። ይህን ምግብ ፔሩዊ ሁሉ የራሱ ብሔራዊ ምግብ አድርጎ ነው የሚያየው። የቻይናነቱን ክር የምታገኚው ወክና ሶያ ሶሱ ላይ ነው።

ኮሪያ ደግሞ ጃጃንግምዮን አለ፤ ከሶያ ባቄላ በተሠራ ጥቁር ሶስ የሚቀርብ ኑድልስ። ወደ ኢንቾን ወደብ የመጡት ቻይናውያን ከሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ስለነበሩ የካንቶን ምግብ እዚያ ዋና አልሆነም። የሻንዶንግ ሰው ስንዴ በሊታ ነው። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ዕርዳታ ስንዴ ሲገባ ኑድልሱ ርካሽ ሆነና አገር ምድሩን ያዘ። ኮሪያውያን ቤት ሲቀይሩ ዕቃው ሳይፈታ የሚያዙት እሱን ነው። ካናዳ ካልጋሪ ውስጥ ጂንጀር ቢፍ አለ፣ አውስትራሊያ ዲም ሲም አለ፣ ሆላንድ ቻይና ቤቱ ሁሉ የኢንዶኔዥያ ምግብም ይሸጣል። በዚህ ከቀጠልኩ አንጨርስም።

አዲስ አበባስ ካልሽ፣ እዚያ ነገሩ ተገልብጧል። ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ቻይና ቤቶች ያደጉት ለመንገድና ለሕንፃ ሥራ የመጡትን ቻይናውያን ለመመገብ ነው። ምግቡ የሠራተኛ ገበታችንን ይመስላል። ስለዚህ «ትክክለኛው» ማለት ቻይናዊ የሚበላው ማለት ከሆነ፣ ከለንደንም ከሲልቨር ስፕሪንግም ይልቅ ቦሌ ይቀርብሻል። እኔ ግን በዚያ ሚዛን አልመዝነውም። ድሮ ዲሲ ውስጥ ጤፍ ሲጠፋ እናቶቻችን በሴልፍ ራይዚንግ (በራሱ በሚነፋ የስንዴ) ዱቄት ይጋግሩ ነበር። ያን እንጀራ ማንም «እንጀራ አይደለም» ብሎ አልተነሳም። በወጥ በላነው።

አሁን ጾሙ። ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ብዙ ሰውም ይሳሳታል። ሜኑ ላይ «አትክልት» የሚል ስላየሽ ጾም ነው ብለሽ አትደምድሚ። ብሮኮሊው የሚያብረቀርቀው ብዙ ጊዜ በኦይስተር ሶስ ነው። ቡናማው ሶስ የዶሮ መረቅ ይኖረዋል። ኑድልሱ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፤ የሩዝ ኑድልስ ይሻላል። የእንግሊዝ አገር ፕሮን ክራከር በነፃ ስለተሰጠሽ አትብዪው፤ ሽሪምፕ ነው። ክሪስፒ ሲዊዱም ላይ አንዳንድ ቤት የዓሣ ዱቄት ይነሰንሳል፤ ያለሱ በያቸው። አሜሪካ ውስጥ «ቡድሃ ዲላይት» የሚለውን ፈልጊ። መነሻው የመነኮሳት ምግብ ነው። ቢሆንም «ኦይስተር ሶስ የለም፣ የዶሮ መረቅ የለም፣ እንቁላል የለም» ብለሽ ሦስቱን ቁጠሪላቸው። እኛ ኩሽና ውስጥ እንዲህ የሚል ደንበኛ አያናድደንም። የሚያናድደን «ቬጀቴሪያን» ብሎ አዝዞ ከደረሰው በኋላ የሚደውለው ነው።

አሳማ የማትበዪ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በይ። አሜሪካ ውስጥ ኤግ ሮል ሜኑ ላይ ባይጻፍም ውስጡ የአሳማ ቁራጭ ሊኖረው ይችላል። «ሽሪምፕ በሎብስተር ሶስ» የሚለው ደግሞ ሎብስተር የለበትም፤ ብዙ ጊዜ የተፈጨ አሳማ ነው ያለው። ለንደን «ስፔሻል ፍራይድ ራይስ» ካልሽም እንዲሁ ቀዩ የአሳማ ጥብስ አለበት።

ሌላ ጊዜ ለንደን ስትሄጂ ጄኔራል ሶ ካማረሽ «ክሪስፒ ቺሊ ቢፍ» በይ። ቀጫጭን የበሬ ሥጋ፣ ደረቅ ተደርጎ የተጠበሰ፣ በጣፋጭና በሚያቃጥል ሶስ የተገለበጠ። ዘመዷ ናት። የእህትሽን ካሪም ትንሽ ቅመሺ፤ ቺፕሱ ሳይቀዘቅዝ ግን።

ፎርቹን ኩኪውን በተመለከተ፣ እሱ ከነጭራሹ ከጃፓን የመጣ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጃፓናውያን ነበሩ የሚጋግሩት። በ1942 እነሱ ወደ ማጎሪያ ካምፕ ሲወሰዱ ሥራው ወደ ቻይናውያን እጅ ገባ። ብሪታንያ ብዙም አልተለመደም። ቅር ካለሽ ግን አይገርመኝም። በመጋቢት 2005 አሜሪካ ውስጥ 110 ሰዎች ከኩኪ ውስጥ በወጣ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ሎተሪ ቆርጠውበት፣ ሁሉም ሁለተኛውን ዕጣ በአንድ ቀን ወሰዱ። የሎተሪው ሰዎች ማጭበርበር መስሏቸው ምርመራ ጀመሩ። ወረቀቱ 22፣ 28፣ 32፣ 33፣ 39 ይላል፤ አምስቱም ወጡ። ስድስተኛው 40 ነበር። የወጣው 42 ነው።